መሃል አልቀመጥ ያለው አይፍሬም

«ቪዲዮውን ፔጁ ላይ አስገባሁት፣ ግን መሃል አልሆን አለኝ» የሚል መልእክት ኢንቦክሴ ሳይገባ ብዙ አይቆይም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የፊዚክስ መምህር ከቪዲዮ ጠንከር ያለ ነገር ይዘው መጡ። ለተማሪዎቻቸው ባዘጋጁት ገጽ ላይ የፌት ሲሙሌሽን አስገብተው፣ ኮምፒውተር ላይ ያማረው ስልክ ላይ ግማሹ ከስክሪኑ ወጣባቸው። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚሁ በሰፊው ልመልሰው።

ፌትን ለማታውቁ፦ የኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ካርል ዊማን በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሩት ፕሮጀክት ነው። ተማሪው ባትሪና አምፖል በሽቦ ያገናኛል፣ ፔንዱለም ይለቃል፣ የሚሆነውን ያያል። ላብራቶሪው ቁልፍ ተቆልፎበት ለሚውል ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከሲሙሌሽኑ ጋር ኮፒ አድርጋችሁ የምትለጥፉት ኮድ አብሮ ይሰጣችኋል። ኮዱ አይፍሬም ነው፤ ስፋቱ 800፣ ቁመቱ 600 ፒክስል።

አይፍሬም በእናንተ ገጽ ውስጥ የሌላ ሰው ገጽ የሚታይበት መስኮት ነው። የእናንተ ሲኤስኤስ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የምታዝዙት ክፈፉን ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ነውና አይፍሬሙን በዲቭ ጠቅልሉት፤ የስፋቱንም ገደብ፣ መሃል የመሆኑንም ነገር ለዲቩ ስጡት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። «ማርጂን ኦቶ ሰጥቼው አልሠራም» የምትሉ፣ አይፍሬም ሲፈጠር ኢንላይን ነው፤ ብራውዘሩ እንደ አንድ ቃል ከጽሑፉ ጋር በመስመር ያሰልፈዋል። ኢንላይን ለሆነ ነገር ደግሞ ግራና ቀኝ «ኦቶ» ማለት ዜሮ ማለት ነው። ዲስፕሌዩን ብሎክ አድርጉትና ወዲያው መሃል ይገባል። ከሥሩ የምታዩት ከየት መጣ የማይባል ቀጭን ክፍተትም አብሮ ይጠፋል፤ ከመስመር በታች ለሚወርዱ የላቲን ፊደላት ጭራ የተተወ ቦታ ነበር። «ሴንተር የሚለው ታግ እኮ ይሠራል» የሚሉኝም አሉ። ይሠራል፤ ኔትስኬፕ በ1994 ያመጣው ይህ ታግ በ1997 መጨረሻ የወጣው ኤችቲኤምኤል 4 ተዉት ቢልም ብራውዘሮች ዛሬም ይታዘዙታል። ለአንድ ቀን ለሚያገለግል ገጽ ብትጠቀሙበት እኔ አልቆጣም። የመምህሩን ችግር ግን አይፈታም።

የእሳቸው ችግር ስፋት ነው። የብዙ አንድሮይድ ስልክ ስክሪን በሲኤስኤስ ልኬት ስፋቱ 360 ፒክስል ገደማ ነው። 800 ፒክስል የሆነ ሳጥን 360 ውስጥ ሲገባ ለግራና ለቀኝ የሚካፈል ትርፍ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ኦቶ የተባለው ማርጂን ዜሮ ይሆንና ሳጥኑ ከግራ ጠርዝ ጀምሮ የተረፈው በቀኝ በኩል ይፈስሳል። «ኮምፒውተር ላይ መሃል፣ ስልክ ላይ ወደ ቀኝ» የሚባለው ነገር ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህን አይቶ ወደ ፍሌክስቦክስ የሚሮጥ ሰው ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል። በዲቭ የተጠቀለለውን ሰፊ አይፍሬም በፍሌክስቦክስ መሃል አድርጉት ስትሉት በእርግጥም መሃል ያደርገዋል፤ 220 ፒክስል በግራ፣ 220 በቀኝ ያስወጣል። በቀኝ የወጣውን ስክሮል አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ። በግራ የወጣው ግን ስክሮል የማይደርስበት ቦታ ነው፣ ጠፋ ማለት ነው። የሲሙሌሽኑ ማስጀመሪያ ቁልፍ ግራ በኩል ከሆነ ተማሪው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ መፍትሔው፦ ጠቅላዩ ዲቭ ስፋቱ 100 በመቶ፣ ማክስ ዊድዙ 800 ፒክስል፣ የግራና የቀኝ ማርጂኑ ኦቶ ይሁን። አይፍሬሙ ብሎክ ይሁን፣ ስፋቱ 100 በመቶ፣ ቁመቱ ኦቶ፣ አስፔክት ሬሾው 4 ለ 3። አለቀ። በ360 ስፋት ቁመቱ ራሱ 270 ይሆናል፣ ኮምፒውተር ላይ 600።

አስፔክት ሬሾ የሚባለው ትእዛዝ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ የገባው በ2021 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ኮድ ስታነብቡ 56.25 በመቶ የሚል እንግዳ ፓዲንግ ታገኛላችሁ፤ አትደናገጡ። የዩቲዩብ ክፈፍ 560 በ315 ነው፤ 315ን ለ560 ስታካፍሉ የሚመጣው እሱ ነው። ፓዲንግ በመቶኛ ሲሰጥ የሚሰላው ከስፋት ስለሆነ፣ የላይና የታች ፓዲንግን ተጠቅሞ ቁመትን ከስፋት ጋር ማሰር ይቻል ነበር። ቲየሪ ኮብሌንትዝ በ2009 የጻፈው ብልሃት ነው፣ እኔ አሁንም ባየሁት ቁጥር ባርኔጣዬን ላውልቅለት ይለኛል። ዛሬ ግን አያስፈልጋችሁም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ቪውፖርት የሚለው ሜታ ታግ ከሌለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ገጽ ቆጥሮ ሁሉንም ያሳንሰዋል፤ አይፎን ለምሳሌ 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው አድርጎ ነው የሚጀምረው።

ኦብጀክት እና ኢምቤድ እርስ በርስ የተሰካኩበት የድሮ ኮድ የምትልኩልኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ሰርዙት። ያ የፍላሽ ዘመን ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ኦብጀክትን፣ ኔትስኬፕ ኢምቤድን ስለሚሹ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ግድ ነበር። በዚያ ላይ ኢዮላስ የተባለ ኩባንያ «በገጽ ውስጥ መስተጋብራዊ ነገር ማስገባት የእኔ ፓተንት ነው» ብሎ ማይክሮሶፍትን ከሰሰና በ2003 ዳኞች 521 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱለት። ማይክሮሶፍት በ2006 ብራውዘሩን ቀየረው፤ ፍላሹን ለመንካት መጀመሪያ አንዴ ጠቅ አድርጎ ማንቃት የግድ ሆነ። ጣጣው ለሁላችንም ተረፈ። ፓተንቱ በ2012 ቴክሳስ ውስጥ በዳኞች ውድቅ ሲደረግ ከመሰከሩት አንዱ የዌብ አባት ቲም በርነርስ ሊ ነበሩ። አዶቤም በ2020 መጨረሻ ፍላሽን ተወው፣ ከጃንዋሪ 12፣ 2021 ጀምሮም ማጫወቻው ራሱ አልከፍትም አለ። ፌትም ሲሙሌሽኖቹን በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና መሥራት ነበረበት።

አሁን ደግሞ መሃል ከገባ በኋላ ወደሚመጣው ጣጣ። ሲሙሌሽን እንደ ፎቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ጣት ይቀበላል። ተማሪው ገጹን ወደ ታች ሊስብ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ ያረፈው አይፍሬሙ ላይ ከሆነ ገጹ ንቅንቅ ላይል ይችላል፤ ፔንዱለሙ ይወዛወዛል። ስለዚህ ስልክ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አትሙሉት፣ ግራና ቀኝ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተዉ። ከዚያም የሚሻለው በአይፍሬሙ ፋንታ መጀመሪያ የሲሙሌሽኑን ፎቶና «ጀምር» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ ነው፤ ተማሪው ሲነካው አይፍሬሙ ይፈጠራል። እኔ ለዩቲዩብም የማደርገው እንዲሁ ነው። የዩቲዩብ ክፈፍ ማንም ፕሌይ ሳይነካ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ስክሪፕት ያወርዳል፤ አንድ ገጽ ላይ አምስት ቪዲዮ ከደረደራችሁ ፓኬጅ ገዝቶ የሚያነብባችሁ ሰው ምንም ሳያይ ዳታው ይሄዳል። ይህን ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ከታች ላሉት አይፍሬሞች ሎዲንግ ሌዚ ጨምሩ፤ ሰውየው እስኪጠጋቸው ድረስ አይወርዱም። ኢንተርኔት ጭራሽ ለማይደርስበት ክፍል ደግሞ የፌት ኤችቲኤምኤል 5 ሲሙሌሽን አንድ ፋይል ስለሆነ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ማዞር ይቻላል።

ታይትል የሚለውን አትሪቢዩትም ሙሉት፤ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውር አንባቢ ክፈፉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው በእሱ ነው። በአማርኛ ጻፉት።

አንዳንዴ ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ ክፈፉ ውስጥ ግራጫ ገጽና «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል መልእክት ታያላችሁ። ያኔ ሲኤስኤሳችሁን አትነካኩ። የዚያ ሳይት ሰርቨር በሌላ ሰው ገጽ ውስጥ አልከፈትም ብሎ በሄደሩ ተናግሯል፤ ባንኮችና ፌስቡክን የመሰሉ ሎግኢን ያለባቸው ሳይቶች ሆን ብለው ነው የሚያደርጉት፣ አታላዮች አንባቢን ሳያውቀው ቁልፍ እንዳያስነኩት። ለእንዲህ ያለው ሊንክ አስቀምጡና እለፉ።