የፓርኪንሰን መድኃኒት፦ ምልክትን ማስታገስ እና ነርቭን ከሞት መጠበቅ

የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ የእርምጃ መዘግየት። እነዚህ የፓርኪንሰን ሕመም ምልክቶች ጎልተው የሚታዩት በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሚያመርቱት የነርቭ ሕዋሳት ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። ስለዚህ የሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው ትልቁ ጥያቄ የቀሩትን ሕዋሳት ማዳን ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ለረጅም ዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱ ፔታህ ቲክቫ የነበረው የመድኃኒት ኩባንያ ቴቫ ይህን ጥያቄ ራሳጊሊን በተባለው መድኃኒት ለመመለስ ሞክሯል። መድኃኒቱ በሃይፋው ቴክኒዮን በፕሮፌሰር ሙሳ ዩዲም እና በፕሮፌሰር ጆን ፊንበርግ ምርምር የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አዚሌክት በሚል ስም ለሕሙማን ቀረበ። ዶፓሚንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ በአንጎል ያለው ዶፓሚን ቶሎ አያልቅም። በቤተ ሙከራ ደግሞ የነርቭ ሕዋሳት እንዳይሞቱ ሲከላከል ታይቷል።

ሆኖም አንድ ሕመምተኛ ስለተሻለው ብቻ ሕዋሳቱ ድነዋል ማለት አይቻልም። ጣሪያ ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ ማስቀመጥ ወለሉን ያደርቀዋል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም።

ሁለቱን ለመለየት አዳጂዮ የተባለ ጥናት በ1,176 ሕሙማን ላይ ተካሄደ። ግማሾቹ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀመሩ። የቀሩት ለ36 ሳምንት መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ 36 ሳምንት ሁሉም መድኃኒቱን ወሰዱ። መድኃኒቱ ምልክትን ብቻ የሚያስታግስ ከሆነ፣ ዘግይተው የጀመሩት ቀድመው ከጀመሩት ጋር መስተካከል አለባቸው። ሕዋስን የሚጠብቅ ከሆነ ግን ልዩነቱ እስከ መጨረሻው ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት የተደበላለቀ ነበር። በቀን 1 ሚሊ ግራም ከወሰዱት መካከል ቀድመው የጀመሩት በመጨረሻም የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ 2 ሚሊ ግራም በወሰዱት ላይ ግን ይህ አልታየም። በ2011 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አማካሪዎች ማስረጃው ራሳጊሊን የበሽታውን ጉዞ ያዘገያል ለማለት አይበቃም ሲሉ ወሰኑ።

ይህ ማለት መድኃኒቱ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ምልክቶችን ማስታገሱ የተረጋገጠ በመሆኑ ዛሬም ይታዘዛል፤ ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥም አይገባም። ከአንዳንድ የድባቴና የሳል መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ ሌላ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሐኪምን ወይም ፋርማሲስትን መጠየቅ ያስፈልጋል። «ነርቭን ይጠብቃል» የሚባል አዲስ ነገር ሲሰማ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የታየው በአይጥ ነው ወይስ በሰው?