ይቅርታ ሌላ፣ ካሣ ሌላ!

«እግዜር አትርፎሻል፣ ምን ጎደለብሽ?» ተባልኩ። እኔም የጎደለብኝ ነገር ስላልታየኝ ፈረምኩ። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያች ፊርማ ነው። ቀልድ እንዳትመስላችሁ፤ ከ50,000 ብር በላይ ያስከፈለችኝ ፊርማ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ። ኢምፔሪያል አካባቢ ከታክሲ ወርጄ ወደ ሰፈሬ ወደ ገርጂ በእግሬ እያዘገምኩ ነበር። አንድ ካፌ ደጃፍ ላይ ቆሞ የነበረ የቤት መኪና ድንገት ወደ ኋላ መጣና ጉልበቴን ገጭቶ አስፋልቱ ላይ ዘረረኝ። ቦርሳዬ ወዲያ፣ ጫማዬ ወዲህ! ሰው ተሰበሰበ። «ኧረ በማርያም!» የሚለው ብዙ፣ ታርጋ የሚጽፍ ግን አንድም አልነበረም።

አሽከርካሪው ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። «የኔ እህት፣ በእናትሽ፣ አላየሁሽም!» እያለ ደግፎ አነሳኝ። ክሊኒክ ወሰደኝ። ራጅ ተነሳሁ፤ «አጥንት አልተሰበረም» ተባለ፤ ማስታገሻ ተሰጠኝ። ሒሳቡን እሱ ከፍሎ እስከ ቤቴ ደጃፍ አደረሰኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገጭቶ ከሚሮጠው ጋር ሲተያይ ሰውየው መልአክ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። እናቴ ቡና አፈላች። «ልጄ፣» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም። እሱም የልጆች አባት ነው። ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ምን ያደርግልሻል?» እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ ፖስታ ወጣ፤ 6,000 ብር። ከፖስታው ጋር ደግሞ አንዲት ወረቀት ወጣች። «ስለደረሰብኝ ጉዳት ተገቢውን ካሣ የተቀበልኩ ስለሆነ ወደፊት በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ትላለች። ፈረምኩ። ተሳሳምን። «እናንተን የመሰለ ጨዋ ቤተሰብ አላየሁም» ብሎ መርቆን ሄደ።

ጉልበቴ መናገር ስትጀምር

ለሁለት ሳምንት ወጌሻ ጋ ታሸሁ። (ወጌሻ ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።) ቀለል ያለኝ መስሎኝ ሥራ ገባሁ። በስድስተኛው ሳምንት ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ቀጥ ብላ ተቆለፈች። አልታጠፍም አለች! ሆስፒታል ሄጄ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ራጅ የማያሳየውን እሱ አሳየው። ለካስ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት ተቀዷል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባልኩ።

ኤምአርአዩ የፖስታውን ብር ከግማሽ በላይ በላው። ኦፕራሲዮኑ፣ ፊዚዮቴራፒው፣ የኮንትራት ታክሲው፣ ያለ ደሞዝ የተኛሁባቸው ሁለት ወራት ሲደመሩ 50,000 ብር አለፉ። የእናቴ ዕቁብ ወጣ፣ የአጎቴ ብድር ተጨመረ። ሰውየው ጋ ደወልኩ። «የኔ እህት፣ ተፈራርመናል እኮ!» አለኝና በትሕትና ዘጋው።

መገናኛ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ጠበቃ ጋ እያነከስኩ ሄድኩ። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበባት።

«መኪናው መስታወት ላይ የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ተለጥፎበት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ፣ ክሊኒክ ሲወስደኝ ጋቢና ተቀምጬ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያዘንሽው ለማን ነው? ለሰውየው ወይስ ለኢንሹራንሱ?»

ክው ብዬ ቀረሁ። ወገኖቼ፣ እኔ ያዘንኩት ለልጆች አባት ነበር። ለካስ ካሣውን ከኪሱ ላያወጣ ይችል ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል። አዋጁ ያኔ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ከጣሪያው የሚተርፈውን ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለመኪናው መጠየቅ ይቻል ነበር። የእኔ ይሉኝታ የጠቀመው ለመድን ድርጅቱ ሆነ ማለት ነው!

«ወረቀቷስ?» አልኩ። ጠበቃው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 3312 ገልጦ አሳየኝ። ሰዎች ተስማምተው ክርክራቸውን ሲጨርሱ ስምምነቱ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። አፈርሳለሁ ብሎ መሟገት ቢቻልም መንገዱ ረጅም ነው፣ ወጪም አለው። እኔም ጉልበቴም አቅም አልነበረንም። ተውኩት።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

ብዙዎቻችን «ጥፋተኛነቱን ማስረዳት ካልቻልኩ ምን አገኛለሁ?» ብለን እንቀራለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለተጎጂ ከምታስቡት በላይ ያደላል። በጠቅላላው (አንቀጽ 2028) በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል ይላል። ጥፋት ሳይረጋገጥም ኃላፊነት የሚመጣባቸው ነገሮች አሉ። የሚከተሉትን ቆርጣችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱልኝ።

መኪና፦ ባለቤቱ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም (አንቀጽ 2081)።

ውሻ፦ ግቢ ጠባቂው ውሻ ወጥቶ ቢነክሳችሁ ባለቤቱ ይጠየቃል (አንቀጽ 2071)። «አመሉ አልነበረም» ማለት አያድነውም።

ሕንፃ፦ ሕንፃው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ (አንቀጽ 2077)፣ ከሕንፃው ላይ ዕቃ ወድቆ ከመታችሁ ደግሞ በሕንፃው የሚገለገልበት ሰው ይጠየቃል (አንቀጽ 2080)። በረንዳ ላይ የአበባ ማሰሮ የምትደረድሩ የሳሚትና የአያት ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል!

የእናንተ ጥፋት ካለበት ግን ካሣው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ጆሯችሁ ላይ ማዳመጫ ሰክታችሁ፣ ዓይናችሁን ስልካችሁ ላይ ተክላችሁ ዘላችሁ አስፋልት ከገባችሁ ዳኛው ያንንም ይመዝናል።

ምን ምን ይጠየቃል? የሕክምና ወጪ፣ ተኝታችሁ የቀረባችሁ ገቢ፣ ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ደግሞ ወደፊት የሚቀንስባችሁ ገቢ። የሕሊና ጉዳት ካሣም አለ፤ እሱ ግን ሕጉ ላይ ከ1,000 ብር አይበልጥም ተብሎ ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ቦሌ ላይ ለሁለት ሰው የምሳ ግብዣም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ደረሰኝና የገቢ ማስረጃ ነው።

ጊዜውም አይዘንጋ። አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ያኛው ይሠራል፤ እናንተ ግን ሁለቱን ዓመት ቁጠሩ።

የጓደኛዬ ትከሻ

እኔ ያበላሸሁትን አንድ ጓደኛዬ በደንብ ሠራው። ሲኤምሲ መስመር በሚሠራ ሕንፃ ሥር ሲያልፍ ከላይ አጣና ወርዶ ትከሻውን ሰበረው። ልጁ እያቃሰተም ቢሆን አእምሮው አልሸሸውም። አጠገቡ ያለችውን ባለ ሱቅ «አጣናውንና ሕንፃውን ፎቶ አንሺልኝ» አላት፤ ስሟንና ስልኳንም ተቀበለ። የዚያኑ ቀን ለፖሊስ አመለከተ። የካርድ፣ የራጅ፣ የመድኃኒት፣ የታክሲ ሳይቀር እያንዳንዷን ደረሰኝ እህቱ በአንድ ፋይል አኖረች።

ባለሕንፃው «ተቋራጩን ጠይቅ» አለው። ተቋራጩ «ሥራውን ለሌላ ሰጥቻለሁ» አለ። ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። ይህ ዙር ጥምጥም እስኪያሰለቻችሁ ድረስ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ጓደኛዬ አልተሰላቸም። ስብራቱ ሲጠግን የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረበና ዘላቂ ጉዳቱ በመቶኛ ተጽፎ ተሰጠው። ከዚያ ጠበቃ አንቀጹን ጠቅሶ ለባለሕንፃው ማስጠንቀቂያ ጻፈ።

ያኔ ሽማግሌ መጣ። ልብ በሉ፣ ሽማግሌ እሱም ጋ መጣ! ልዩነቱ ግን የእኔ ሽማግሌዎች በሦስተኛው ቀን መምጣታቸው ነው። የእሱ ሲመጡ የቦርዱ ወረቀት፣ የደረሰኙ ድምርና የደሞዙ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ምን እንዳጣ የሚያውቅ ሰው በምን እንደሚታረቅም ያውቃል። ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶ፣ የወጣበትን ሁሉና የቀረበትን ደሞዝ የሚሸፍን ካሣ ተቀብሎ ታረቀ። ፍርድ ቤት እንኳ አልደረሱም።

ከአደጋው ደቂቃ ጀምሮ

አንደኛ፣ ነፍስ ይቅደም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። የመኪና አደጋ ተጎጂ ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት በአዋጁ አለው፤ የጤና ተቋም «መጀመሪያ ብር አስይዝ» ብሎ ሊመልሰው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ታርጋውን፣ የአሽከርካሪውን ስምና የመድን ምልክቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እናንተ ካልቻላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ለምኑ። የሁለት ምስክር ስልክ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያንሳ። «ምንም አልሆንኩም» ብላችሁ መኪናውን አታሰናብቱ፤ ደም ሲሞቅ ሕመም አይሰማም። ሰውየው ጨዋ ቢሆንም ይመዝገብ፤ ለጨዋ ሰው መዝገብ አያስፈራውም።

አራተኛ፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ምክንያቱ «የመኪና አደጋ» ተብሎ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ወጌሻ አትሂዱ አልልም፤ ቅድሚያ ግን ደረሰኝ ለሚሰጠው ስጡ።

አምስተኛ፣ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። ለእንዲህ ዓይነቱ አደጋ አዋጁ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ለፖሊስ ካላመለከታችሁ ግን ፈንዱ በምን ያውቃችኋል?

ስድስተኛ፣ የካሣው ጣሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል የሰማችሁትን የድሮ ቁጥር ይዛችሁ አትደራደሩ። አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበትን ጠይቁ። ጠበቃ ስትይዙም ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ውለታ ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ሕጉ የተጻፈ መብት ነው።

ሥራ ላይ ከሆነስ?

ካፌ ስታስተናግዱ የፈላ ውኃ ቢያቃጥላችሁ ወይም ግንባታ ላይ ከመወጣጫ ብትወድቁ «በራስህ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ስለተባላችሁ ብቻ አትመለሱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። በሕክምና ላይ ላለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ስለዚህ የዚያኑ ቀን ለአሠሪው አሳውቁ፣ ማስረጃ ያዙ።

እንግዲህ...

አንዳንዶቻችሁ «ካሣ መጠየቅ ገንዘብ መውደድ አይደለም ወይ? ነውር አይሆንም?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ይቅርታና ካሣ ሁለት ነገሮች እንደሆኑ ገብቶኛል። ይቅርታ ከልብ ለሰውየው የሚሰጥ ነው፤ ካሣ ደግሞ የተሰበረውን ማስጠገኛ ነው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መጠየቅ ጨዋነትን አያጎድልም። የእኔን ጨዋነት የከፈሉት የእናቴ ዕቁብና የአጎቴ ኪስ ናቸው።

ሰውየውን ባለፈው ዓመት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አገኘሁት። ሳመኝ፣ ሳምኩት። «ጉልበትሽ እንዴት ናት?» አለኝ። «ደህና ናት፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ትነግረኛለች» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቂም የለኝም። ያች ወረቀት ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ሽማግሌ ሲመጣ በር አትዝጉ፤ ቡናውም ይፈላ። ይቅርታውን በዚያው ቀን ስጡ። ፊርማውን ግን ሐኪሙ «ጨርሰሻል» እስኪላችሁ አቆዩት።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን!