ያውቁ ኖሯል? ትንሿ የኢሜይል አቀባባይ

የድርጅትዎን ኢሜይል ሁሉ ተቀብሎ የሚያሻግር ሰርቨር በመዳፍዎ ሊያዝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ራዝቤሪ ፓይ የሚባለው ኮምፒውተር በ2012 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስፋቱ የባንክ ካርድ ያህላል። ለአንድ አነስተኛ ድርጅት የዕለት ደብዳቤ ግን ይተርፋል!

ፕሮግራሙስ? በነፃ! ስሙ ፖስትፊክስ ነው። ቪትሰ ቬኔማ የተባለው ሆላንዳዊ የኮምፒውተር ደህንነት ሊቅ አይቢኤም ውስጥ ሳለ የጻፈው ሲሆን በ1998 ለሕዝብ ተለቀቀ። ትልልቅ ተቋማት ደብዳቤ የሚያመላልሱበት ያው ፕሮግራም፣ አንዲት ቃሉ ሳትቀነስ፣ በእርስዎ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ይሠራል!

ስካን ያደረገውን በኢሜይል የሚልክ አሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለዎት? ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች የዛሬውን የይለፍ ሥርዓት ስለማያውቁ ትልልቆቹ የኢሜይል አገልግሎቶች አይቀበሏቸውም። አቀባባዩ ሰርቨር ግን ከማሽኑ በድሮው መንገድ ይቀበላል፣ ወደ ውጭ በአዲሱ ምስጢራዊ መንገድ ይልካል! ማሽኑ ላይ የሰርቨሩን አድራሻ መቀየር ይበቃል። እኔ ከጥቅሞቹ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ሊጣል የነበረ ዕቃ ያድናልና!

ሁለት ሰርቨሮች ሲገናኙ መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ! ስማቸውን ይነጋገራሉ፣ ከማን ለማን እንደሆነ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ደብዳቤው ያልፋል። የዚህን ጨዋ ወግ ደንብ ጆን ፖስተል በ1982 ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ ዛሬም መሠረቱ እሱው ነው!

ደብዳቤው ማለቁ በምን ይታወቃል? በአንዲት ነጥብ! መስመር ላይ ብቻዋን በተቀመጠች ነጥብ! ታዲያ ጸሐፊው ራሱ ነጥብ ብቻዋን የቆመችበት መስመር ቢጽፍስ? ላኪው ሰርቨር ሌላ ነጥብ ይጨምርባታል፣ ተቀባዩ መልሶ ያነሳታል! እርስዎ ምንም አያዩም።

ኢንተርኔት ተቋረጠ? ደብዳቤው አይጠፋም! አቀባባዩ ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ ማንም ሳያዘው 5 ቀን ይታገሣል! የተቀባዩ ሰርቨር መልስ በ4 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ «ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው። በ5 ከጀመረ ግን አይሞከርም፤ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል።

አንዳንድ ሰርቨሮች አዲስ እንግዳን ሆን ብለው ይመልሱታል! «አሁን አይመቸኝም፣ ቆይተህ ና» ይሉታል። እውነተኛ ሰርቨር ተመልሶ ይመጣል። ብዙው የአይፈለጌ መልእክት ላኪ ግን አይመለስም! ፈተናው በቃ ይኸው ነው!

የመጀመሪያው የጅምላ ማስታወቂያ ኢሜይል መቼ ተላከ? በ1978! ጌሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢክዊፕመንት ኩባንያ ሻጭ አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ለማስተዋወቅ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በአንዴ ላከው። ያኔ ኢንተርኔት የሚባለው ገና አልተወለደም!

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማንም ሰርቨር የማንንም ደብዳቤ ያቀብል ነበር! የመንደር ጉርብትና ይመስል ነበር። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ገቡበትና በሩ ተዘጋ። ዛሬ አቀባባይዎን ለሁሉም ክፍት ከተዉት ደርሰው ይጠቀሙበታል፤ የድርጅትዎም አድራሻ ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል! ስለዚህ ከቢሮዎ ኔትወርክ ውጭ ላለ ለማንም እንዳያቀብል አድርገው ይዝጉት።

ጥቁር መዝገቡ የሚጠየቅበት መንገድ ደግሞ ይገርማል! የአይፒ አድራሻው ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጠው እንደ ዶሜይን ስም ይጠየቃሉ። 127.0.0.2 የሚል መልስ መጣ? ተመዝግበዋል ማለት ነው!

ብዙዎቹ የኪራይ ሰርቨሮች በ25ኛው ፖርት፣ ማለትም ሰርቨሮች ደብዳቤ በሚለዋወጡበት በር፣ ደብዳቤ ማውጣት አይችሉም! ጉግል ክላውድም ሆነ አማዞን ከመነሻው ዘግተውታል። መውጫው በ587ኛው ፖርት ለሌላ ትልቅ አቀባባይ ማስረከብ ነው። አማዞን ለ1,000 ደብዳቤ የሚያስከፍለው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው! አንድ ሺህ ደንበኛ በአሥር ሳንቲም!

በኢሜይል ፖስታው ላይ ያለው ላኪና ውስጡ የተጻፈው ላኪ ሊለያዩ ይችላሉ! የ1982ቱ ደንብ ማንንም አይጠረጥርም ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ በዶሜይንዎ መዝገብ ላይ ፈቃድ የተሰጣቸው ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ አንድ መስመር የሚጻፈው። በዚያ ላይ ስውር ፊርማ አለ፤ ከተፈረመበት ጽሑፍ አንዲት ፊደል ብትቀየር ፊርማው ይፈርሳል!

ያለፈበት ሰርቨር ሁሉ ደብዳቤው አናት ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል! ጉዞውን ማወቅ ከፈለጉ ከታች ወደ ላይ ያንብቡ። ፖስትፊክስ ከ50 በላይ ማኅተም ካየ ደብዳቤው እየዞረ ነው ብሎ ይመልሰዋል!

ይህን ይስሙ! ትሬይ ሃሪስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ የሚተርከው ነው። የሚሠራበት ተቋም ኢሜይል ከ500 ማይል በላይ አልሄድ አለ! ቅርብ ከተማ ይደርሳል፣ ሩቅ ከተማ አይደርስም። ነገሩ ሲመረመር፣ የደብዳቤ ፕሮግራሙ ወደ አሮጌ ዕትም ተመልሶ የመጠበቂያ ጊዜው ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ «ዜሮ» ብሎ እስኪያቋርጥ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። ብርሃን በዚያች ቅጽበት የሚጓዘው ስንት ነው? ከ500 ማይል ጥቂት የሚበልጥ! ከዚያ የራቀው ሰርቨር ግንኙነቱ ሳይሳካ ይቋረጥበታል! እንዲህ ያለ ነገር ሌላ የት ይሰማል?

ኢትዮጵያ በ1997 ኢንተርኔት ከመጀመሯ በፊት አዲስ አበባ ኢሜይል ነበራት! በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት መልእክት እያጠራቀመ በስልክ መስመር ያቀብል ነበር። ኮምፒውተሩ ይደውላል፣ ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል!

የፖስታ አለቃው አድራሻ የግድ ነው! ኢሜይል የሚቀበል ሰርቨር ሁሉ «ፖስትማስተር» ተብሎ የተላከለትን መቀበል አለበት። ያለ ዶሜይን ቢጻፍ እንኳ!

በአማርኛ ሲጽፉ አንዱ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሩ ዘንድ ሦስት ባይት ነው። የጥንቱ የኢሜይል መስመር ግን ለላቲን ፊደል ብቻ የተሠራ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ባይት ወደ አራት የላቲን ምልክት ይመነዘራሉ፤ አንድ «ሰ» በአራት ምልክት ተጉዞ ደንበኛዎ ዘንድ ሲደርስ እንደገና «ሰ» ይሆናል!

አድራሻው ራሱስ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል? ይጻፋል! ደንቡ ከ2012 ጀምሮ አለ። ፖስትፊክስ በ2015 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ተቀብሎታል። ተቀባዩ ሰርቨርም ደንቡን ማወቅ አለበት እንጂ፣ የእርስዎ ትንሽ ማሽን ዛሬውኑ ዝግጁ ነው!