የሴት ልጅ ድርሻ የአላህ ፍርድ እንጂ የወንድም ችሮታ አይደለም

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔት እንዲስማማ ሆኖ የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አባት ሲሞት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጀናዛው ይሸኛል፣ ለቅሶው ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል። ከቀናት በኋላ የቤቱ፣ የመሬቱና የከብቱ ነገር ይነሳል። ወንድሞች ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይነጋገራሉ። እህት ቡና እያፈላች ታዳምጣለች። «አንቺማ ባል አለሽ» ትባላለች። «የአባታችን መሬት ወደ ባዕድ እጅ ይግባ ወይ?» ትባላለች። እሷም ወንድሞቿን ላለማስቀየም፣ «ወንድሞቿን ከሰሰች» ተብላ በሰፈሩ እንዳትወራ ስትል ዝም ትላለች። ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠርና ነገሩ ያልቃል። ከዚያም ሁሉም ተነስተው ዙህር ይሰግዳሉ።

ስለ ሴቶች መብት በኢስላም ብዙ ተብሏል። ዛሬ ከዚያ ሰፊ ርዕስ አንዱን ብቻ እንይ። እሱም የሴት ልጅ የንብረት መብት ነው። ይህ መብት ከየት መጣ? በታሪክስ ምን ሥራ ሠራ? ዛሬ በቤታችን ምን ደረሰበት?

በጃሂሊያ ዘመን

ከኢስላም በፊት በዐረቦች ዘንድ ውርስ የሚገባው መሣሪያ አንስቶ ለሚዋጋ ወንድ ነበር። ሴቶችና ሕፃናት አይወርሱም ነበር። ይባስ ብሎ የሟች ዘመዶች መበለቲቱን ራሷን እንደ ንብረት የሚወርሱበት ልማድ ነበር። ይህን ልማድ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 19 ከልክሎታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከኢስላም በፊት ሀብታም ነጋዴ አልነበሩም ወይ? በእርግጥ ነበሩ። ገንዘባቸውን ለነጋዴዎች እየሰጡ በትርፍ ያሠሩ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት የእርሳቸውን ንብረት ይዘው ወደ ሻም ሄደው ነግደዋል። ነገር ግን አንዲት የተከበረች ሴት ሀብታም መሆኗና ሴት ሁሉ መብት ያላት መሆኗ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢስላም ያመጣው ለውጥ ይህ ነው። በዕድልና በጎሳ ክብር ለጥቂቶች ይገኝ የነበረውን ለድሃዋም፣ አባት ለሌላትም ሴት የታወቀ ሀቅ አደረገው። የሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 7 ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ሀብት ወንዶች ድርሻ እንዳላቸው ሁሉ ሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው ይደነግጋል። «ንብረቱ ጥቂት ነው፤ ምኑን እንካፈለዋለን?» ለሚልም አንቀጹ በሩን አስቀድሞ ዘግቷል። ብዙም ሆነ ጥቂት የተወሰነ ድርሻ ነው።

የሰዕድ ልጆች

ይህ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሸሂድ ሆኑ። ሚስትና ሁለት ሴቶች ልጆች ትተው ነበር። የልጆቹ አጎት በነበረው ልማድ መሠረት ንብረቱን በሙሉ ወሰደ። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ መበለቲቱ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። አባታቸው ከእርሳቸው ጋር ሲዋጋ መገደሉን፣ አጎታቸው ምንም እንዳላስቀረላቸው፣ ያለ ንብረት ደግሞ የሚያገባቸው እንደማይገኝ ነገረቻቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ጉዳይ አላህ እንደሚፈርድ ነገሯት። ከዚያም የውርስ አንቀጽ ወረደ። አጎቱን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥና የቀረውን ለራሱ እንዲይዝ አዘዙት።

እስቲ በቁጥር እናስላው። ንብረቱ 24 እጅ ቢሆን 16ቱ የልጆቹ ነው፤ 3ቱ የእናታቸው ነው፤ 5ቱ የአጎታቸው ነው። ትናንት 24ቱንም የወሰደ ሰው ዛሬ 19ኙን መለሰ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የተጀመረው አንዲት እናት ሳታፍር ልጆቿን ይዛ ሀቃቸውን ለመጠየቅ ስለመጣች ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ቤተሰብሽን አታጣዪ» ብለው አልመለሷትም። ሀቅን መጠየቅ ነውር ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ እሷ በተወቀሰች ነበር።

ንብረቷ የራሷ ነው

ሴት ልጅ ንብረት የምታገኘው በውርስ ብቻ አይደለም። በመህር፣ በስጦታ፣ በንግድና በላቧም ታገኛለች። መህር ለሴቲቱ ለራሷ የሚሰጥ እንጂ የአባቷ ወይም የወንድሟ ገቢ አይደለም። በዚህ ረገድ አገራችንም ታሪክ አላት። እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳለ ባላቸው እዚሁ ሞተ። ከዚያም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገቧቸው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት መህራቸውን 4000 ዲርሀም አድርጎ የከፈለላቸው ነጃሺ ነበር። በስደት ላይ ያለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት መህሯ ሙሉ ሆኖ በእጇ ገባ።

ቡኻሪ ከዘገቧቸው ሐዲሶች ሁለቱን እንጥቀስ። እናታችን መይሙና (ረ.ዐ) የነበረቻቸውን ባሪያ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሳያስፈቅዱ ነፃ አወጧት። በኋላ ሲነግሯቸው፣ ለአጎቶቻቸው ሰጥተዋት ቢሆን ምንዳው የበለጠ ይሆን እንደነበር መከሯቸው እንጂ «ያለ ፈቃዴ እንዴት?» አላሏቸውም። ሁለተኛው የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት የዘይነብ (ረ.ዐ) ነው። ዘይነብ ለባላቸውና በእጃቸው ለሚያሳድጓቸው የቲሞች የሚያወጡት ገንዘብ ሰደቃ ሆኖ ይቆጠርላቸው እንደሆነ አስጠየቁ። መልሱም ሁለት ምንዳ እንዳላቸው የሚያበስር ነበር፤ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሰደቃ። እንግዲህ አስቡት። የሚስት ገንዘብ የባል ቢሆን ኖሮ ለባሏ የሰጠችው እንዴት ሰደቃ ይባል ነበር? ሰው የራሱን ገንዘብ ለራሱ ሰደቃ አይሰጥም።

«ታዲያ ለምን ግማሽ?»

ይህን ጥያቄ እህቶቻችን ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም አያስነውርም። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ስለ ዘመቻና ስለ ውርስ ድርሻ ተመሳሳይ ጥያቄ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማቅረባቸው ተዘግቧል።

መልሱን ለመረዳት የቤቱን ወጪ ማን እንደሚሸከም ማየት ያስፈልጋል። በሸሪዓ ወንድ ሚስቱንና ልጆቹን የማብላት፣ የማልበስና የማስጠለል ግዴታ አለበት። ሲያገባ መህር ይሰጣል። ሴት ግን ከወረሰችው ለቤት እንድታወጣ አትገደድም። ለምሳሌ አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ትቶ ቢሞት፣ ወላጆቹም ቀድመውት የሞቱ ቢሆን፣ የሚከፋፈለው ንብረት ደግሞ 320,000 ብር ቢሆን፣ ለሚስት አንድ ስምንተኛው ማለትም 40,000 ብር ይደርሳታል። ከቀረው 280,000 ብር ወንዱ 140,000፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 70,000 ብር ያገኛሉ። ወንዱ ከ140,000 ብሩ ቤት ያስተዳድርበታል። የእህቶቹ ግን ሙሉ በሙሉ የራሳቸው ነው።

ሴት ሁልጊዜ የወንድን ግማሽ ትወርሳለች ማለትም ስህተት ነው። ሟች ወንድ ልጅ ካለው እናቱና አባቱ እኩል አንድ አንድ ስድስተኛ ይወርሳሉ። በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድሞችና እህቶችም በሚወርሱበት ጊዜ እኩል ይካፈላሉ።

ነገር ግን ሚዛኑ የሚቆመው ሁለቱም ወገን ሲጠበቅ ነው። እጥፍ ድርሻውን ወስዶ ኃላፊነቱን የሚጥል ወንድም ከሕጉ የሚጠቅመውን ብቻ መርጧል። ሙሉውን የሚወስደው ደግሞ ሕጉን ጨርሶ ትቶታል። እርሱ «ሸሪዓ ነው» የማለት አፍ የለውም።

ታሪክ የመዘገበው

ሴቶች ንብረታቸው በእጃቸው ሲሆን ኡማው ምን አገኘ? በሞሮኮ በፌዝ ከተማ የሚገኘውን የቀረዊይን መስጊድ በ245 ዓመተ ሂጅራ (859 እ.ኤ.አ) ያሠራችው ፋጢማ አል-ፊህሪ ከአባቷ በወረሰችው ገንዘብ እንደሆነ ይተረካል። መስጊዱ ከጊዜ በኋላ ከዓለም ስመ ጥር የዒልም ማዕከላት አንዱ ሆኗል። የኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ሑጃጆች ውኃ አስመጥታለች። ሥራዋም እስከ ዛሬ «ዐይን ዙበይዳ» እየተባለ በስሟ ይጠራል። በ1552 እ.ኤ.አ ደግሞ የሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ሁረም ሱልጣን በኢየሩሳሌም (ቁድስ) ለድሆችና ለመንገደኞች ምግብ የሚቀርብበት ወቅፍ አቋቁማለች።

«እነዚህ የቤተ መንግሥትና የሀብታም ሴቶች ናቸው» ልትሉ ትችላላችሁ። ተራ ሴቶችም ተመዝግበዋል። በዑስማኒያ ዘመን የቱርክ ከተማ በሆነችው በቀይሰሪ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የቃዲ መዝገቦች ሴቶች ቤትና መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙና የውርስ ሀቃቸውን ከዘመዶቻቸው ሲጠይቁ ያሳያሉ። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት የሚንቀሳቀስ ንብረቷ ወደ ባሏ ያልፍ ነበር። ይህ በሕግ የተለወጠው በ1870 እና በ1882 እ.ኤ.አ በወጡ አዋጆች ነው።

ይህን የምናነሳው ለመመጻደቅ አይደለም። እነዚያ መዝገቦች ለቃዲ የቀረቡ አቤቱታዎችንም ይዘዋልና። ሕጉ እያለ ሀቅ የሚቀማ ወንድም ያኔም ነበር ማለት ነው። እኛ ከ1400 ዓመታት በላይ ይህን መብት ይዘን፣ ዛሬ በቤታችን እህታችንን ከከለከልናት ኩራቱ ምን ይጠቅመናል?

ዛሬ በቤታችን

ሀቁ ከሚጠፋባቸው መንገዶች አራቱን እንጥቀስ።

1ኛ፦ በሕይወት ሳሉ ሁሉን ለወንዶች ማስተላለፍ። አንዳንድ አባቶች ሴቶች እንዳይወርሱ ሲሉ ቤቱንና መሬቱን ለወንዶች ልጆች በስጦታ ያዛውራሉ። የኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) አባት ለአንዱ ልጃቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር እንዲሆኑላቸው ሲጠይቁ፣ እርሳቸው አልመሰክርም ብለው በልጆች መካከል ፍትሐዊ እንዲሆኑ አዘዋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

2ኛ፦ «ትታልኛለች» ማለት። ባል ከመህር ላይ እንዲጠቀም ቁርኣን ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ሴቲቱ በልቧ ደስ ብሏት መስጠቷን ነው (አን-ኒሳእ 4)። ውርስም ከዚህ አይለይም። ድርሻዋን ሳታውቅ፣ በሽማግሌ ፊት አፍራ «ይቅር» ያለችው ደስታ አይደለም። ድርሻዋ ተቆጥሮ ይሰጣት። ከፈለገች በኋላ ራሷ ትስጥ።

3ኛ፦ የመበለቲቱን መህር መርሳት። ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት የቀብር ወጪ፣ ዕዳ እና ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጠ ኑዛዜ ይወጣል። ባል ሳይከፍል የሞተው መህር ዕዳ ነው። እናታችን መጀመሪያ ዕዳዋን፣ ከዚያ የውርስ ድርሻዋን ታገኛለች።

4ኛ፦ የላቧን ዋጋ መውሰድ። ስንት እህቶቻችን በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርተው ገንዘብ ይልካሉ! በዚያ ገንዘብ የተሠራ ቤት በወንድም ስም ተመዝግቦ፣ ስትመለስ እንግዳ የሆነች አለች። ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው የሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 32 ያስተምራል። ይህ ውርስ እንኳ አይደለም። የራሷ ገንዘብ ነው።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ ጉዳይ እንዲያዩ የተደነገገው ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ሲስማሙ ነው። ቢሆንም ከቃዲ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት በቤታችን ልንጨርሰው እንችላለን። አባቶች በሕይወት ሳላችሁ ያላችሁን ንብረትና ዕዳ፣ ያልተከፈለ የሚስታችሁን መህር ጨምሮ፣ በምስክር ፊት ጻፉ። ወንድሞች የሚራስ ዒልም ያለው ሰው ጠርታችሁ እህታችሁ ባለችበት አስቆጥሩ። እናቶች ለሴት ልጆቻችሁ ድርሻቸውን አስተምሯቸው። ሽማግሌዎችም «እሷማ ባል አላት» ሲባል ዝም አትበሉ።

አላህ (ሱ.ወ) የውርስ ድርሻዎችን ከዘረዘረ በኋላ ወዲያው በአንቀጽ 13 እና 14 እነዚህ የእርሱ ወሰኖች መሆናቸውን ገልጿል። ወሰኖቹን ለጠበቀ ጀነትን ቃል ገብቷል፤ የተላለፈውንም በእሳት አስጠንቅቋል። የሰዕድ ልጆች አጎት ዛሬ በብዙ ቤት አለ። እርሱ ግን ትእዛዙ ሲደርሰው እንዲመልስ ታዟል። እኛም ትእዛዙ ከደረሰን ቆይቷል። የእህቱን ድርሻ ይዞ የተቀመጠ ካለ እሷ በሕይወት ሳለች ይመልስላት። በቂያማ ቀን የሚመለሰው በብር አይደለምና።

አላህ ሀቅን አውቀው ከሚሰጡት ያድርገን።