የእጅ ፍሬን ሲላላ እንዴት ይታወቃል?

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዙን ከተሻገረ በኋላ እንደገና ዳገት ይወጣል። ወደ ሻምቡም ሆነ ወደ ደምቢ ዶሎ ሲኬድ ዳገትና ቁልቁለት አይቀርም። እንዲህ ባለ አገር የቆመ መኪናም ከሚሄደው ባላነሰ ያሰጋል። የሚሄደው መኪና ሹፌር አለው። የቆመውን መኪና ግን የሚይዘው የእጅ ፍሬኑ ነው።

«እኔ መኪና የለኝም፤ ይህን ባውቅ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ይኖራል። ቡና ወይም በቆሎ ለመጫን ከመኪናው ኋላ የሚቆመው ማን ነው? ገበሬው ነው። በገበያ ቀን በቆመ መኪና ጥላ ሥር የሚያርፈው ማን ነው? እናትና ልጅ ናቸው። የማኅበር መኪና ሲበላሽ ገንዘቡን የሚያወጣውስ? አባሉ ነው። ስለዚህ የላላ ፍሬን ምልክቱን ማወቅ የሹፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የእጅ ፍሬን እንዴት ይሠራል?

መኪና ሁለት ፍሬን አለው። አንደኛው የእግር ፍሬን ነው። ሹፌሩ ሲረግጠው የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ጎማዎቹን ያስይዛል። ሁለተኛው የእጅ ፍሬን ነው። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ይህ ፍሬን በዘይት አይሠራም። ሹፌሩ እጀታውን ሲስብ አንድ የሽቦ ገመድ ይወጠራል። ገመዱ ከኋላ ጎማዎች ውስጥ ያሉትን ሸራዎች ወደ ውጭ ይከፍታቸዋል። ሸራዎቹም ታምቡር ከሚባለው ክብ ብረት ጋር ይጣበቃሉ። ታምቡሩ ከጎማው ጋር የታሰረ ስለሆነ ጎማው መዞር ያቅተዋል። ታምቡር የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከበሮ ማለት ነው። መልኩም ከበሮ ይመስላል።

በሁሉም መኪና ላይ ግን እንደዚህ አይደለም። ላንድሮቨር በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት የጀመረ መኪና ነው። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬን ያለው ከካምቢዮው ኋላ ነው። የሚይዘውም ጎማውን ሳይሆን ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ነው። ጭነት የሚያመላልሱት የአይሱዙ ኤንፒአር መኪናዎችም እንዲሁ ናቸው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል። ፍሬኑ ዘንጉን ብቻ ሲይዝ፣ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ከተነሣ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሊዞሩ ይችላሉ። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ሳለ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጎማ ከመቀየር በፊት መሬት ላይ ያሉትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ መያዝ ግዴታ ነው።

አምስት ምልክቶች

አንደኛ፤ እጀታው በጣም ከፍ ይላል። እጀታው ሲሳብ ቀጭ ቀጭ ይላል። ድምፁን ቁጠሩት። በብዙ መኪናዎች ከ5 እስከ 8 ጊዜ ድረስ ብሎ መጥበቅ አለበት። ከ10 ካለፈ ፍሬኑ ልል ነው። ሸራው አልቋል ወይም ገመዱ ተስቦ ረዝሟል ማለት ነው። ማረሻ አፈር እየበላው እንደሚያጥር ሸራም ከታምቡር ጋር እየተፋተገ ይሳሳል።

ሁለተኛ፤ እጀታው ቶሎ ይጠብቃል፤ መኪናው ግን ይንሸራተታል። ይህ የሚያሳስት ምልክት ነው። እጀታው ስለጠበቀ ፍሬኑ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል፤ የሹፌሩ ጉልበትም ሸራው ዘንድ አይደርስም። ወይም ሸራውን ዘይት ነክቶታል። ቅቤ የነካው እጅ ሞፈር አጥብቆ መያዝ ይችላል? አይችልም። ሸራም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፤ እጀታው ከተሳበ በኋላ ራሱን ለቆ ይወርዳል። ይህ የጥርሱ ማለቅ ነው። በእጀታው ሥር እንደ መጋዝ ያለ ጥርስ አለ። ጥርሱ ሲያልቅ እጀታውን መያዝ አይችልም። ይህ በድንገት ስለሚለቅ ከሁሉም ይከፋል።

አራተኛ፤ እጀታው ምንም ሳይከብድ ይመጣል። ገመዱ ተበጥሷል ወይም ወልቋል።

አምስተኛ፤ እጀታው ወርዶም ጎማው አይለቅም። መኪናው ጥቂት እንደሄደ የመቃጠል ሽታ ይሸታል። አንዱ ታምቡር ከሌላው ይልቅ ይግላል። ገመዱ ዝጓል ወይም ሸራው ተጣብቋል። እንዲህ የተቃጠለ ሸራ ይደርቅና ይለሰልሳል፤ ኋላም አይይዝም።

ፍተሻው

ፍተሻው ሰው በሌለበት ለስላሳ ዳገት ላይ ይደረግ። ከመኪናው ኋላም ሆነ ፊት ማንም አይቁም። ታኮው ከጎማው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ በቁልቁለቱ በኩል ይቀመጥ። ሹፌሩ የእግር ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን ነጻ ያድርግ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ይሳብ። በመጨረሻ እግሩን ቀስ ብሎ ያንሣ። መኪናው ካልተነቃነቀ ፍሬኑ ይይዛል። ቀጥሎም መኪናው ፊቱን አዙሮ እንደገና ይሞከር። ወደ ፊት ሲሆን የሚይዝ ፍሬን ወደ ኋላ ሲሆን ሊለቅ ይችላል።

ሁለተኛው ፍተሻ የመካኒክ ነው። የፊት ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸዋል። የኋላው ተነሥቶ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። እጀታው አንድ አንድ ቀጭ እያለ ሲሳብ ሁለቱ ጎማዎች እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከያዘ ሌላው ዘንድ ችግር አለ።

እንዴት ይጠገናል?

ብዙ ሰው ፍሬኑ ሲላላ ገመዱን ማጥበቅ ብቻ ይቀናዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ያለቀ ሸራ በተወጠረ ገመድ ለጥቂት ቀን ይይዛል፤ ከዚያ ይለቃል። ትክክለኛው ተራ ይህ ነው። መጀመሪያ ታምቡሩ ወጥቶ ሸራው ይታይ። ሸራው ካለቀ ወይም ዘይት ከጠጣ ይለወጥ። በነዳጅ አጥቦ መልሶ መግጠም አይበጅም። ዘይቱ የመጣበት ቀዳዳም ይደፈን፤ አለዚያ አዲሱም ሸራ ይበላሻል። ቀጥሎ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይስተካከል። ገመዱ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው።

የታምቡር አቧራ በአፍ ወይም በአየር አይነፋም። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ይገኛል። አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

በወለጋ ክረምቱ ረጅም ነው። ጭቃና ውሃ ወደ ገመዱ ሽፋን ይገባል። ሹፌሩ ፍሬኑን ስላላመነው አይጠቀምበትም፤ ስላልተጠቀመበትም ይበልጥ ይዝጋል። ስለዚህ የእጅ ፍሬን በየቀኑ ይሳብ። ከክረምት በፊትና በኋላ ገመዱ ይታይ። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል። ይሁን እንጂ ቦሎ የሚመሰክረው ለምርመራው ቀን ብቻ ነው። ሸራው ከዚያ በኋላም ያልቃል።

መኪና ሲቆም

ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም። ሞተሩ ይጥፋ። መኪናው ሽቅብ ከዞረ አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁል ከዞረ የኋላ ማርሽ ይግባ። ጎማው ወደ መንገዱ ዳር ይጠምዘዝ። ታኮም ይደረግ። ይህ ሳይሆን ጭነት አትጫኑ፤ ልጆችም ከመኪናው ኋላ አይጫወቱ። መኪናው ከተንሸራተተ በእጅ ወይም በትከሻ ለመያዝ አትሞክሩ። ከመንገዱ ፈቀቅ በሉ፤ ጮኻችሁም ሌላውን አስጠንቅቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። ታኮ የሆነ ድንጋይ መንገድ ላይ አይተውም። ማታ ለሚመጣው ሹፌር ወጥመድ ይሆናል። ድንጋዩን ያስቀመጠ ሰው ራሱ ያንሣው።

ገመድ ማስተካከል በጥቂት ገንዘብ ይሠራል። የተገለበጠ ጭነትና የተሰበረ እግር ግን ብዙ ያስወጣል፤ የጠፋ ሕይወትም አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ጥያቄዎች

1. የእጅ ፍሬን ከእግር ፍሬን በምን ይለያል?
2. እጀታው ከ10 ጊዜ በላይ ቀጭ ቢል ምን ማለት ነው?
3. እጀታው ጠብቆ ሳለ መኪናው ለምን ሊንሸራተት ይችላል?
4. የአሮጌ ላንድሮቨር ጎማ ሲቀየር ታኮ ለምን ግዴታ ሆነ?
5. ገመድ ከማጥበቅ በፊት ምን መታየት አለበት?
6. በአካባቢያችሁ መኪናዎች ጭነት ሲጭኑ ታኮ ይደረግባቸዋል? ተወያዩበት።