ዝሆኔ ከየት መጣ? እንዴትስ ይሽራል?

በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዶ/ር ኡመን የተባሉ ሐኪም በኢትዮጵያ ገበያ ለገበያ እየዞሩ የሰው እግር ይቆጥሩ ነበር። ገበያን መምረጣቸው ተገቢ ነው። የደጋን ሕዝብ ያለ ጥሪ አንድ ቦታ የሚሰበስበው ገበያ ነው፤ ሻጩም ገዢውም፣ ጤነኛውም ታማሚውም ይውልበታል። በ1969 የታተመው ጥናታቸው 56 ገበያዎችን ያካተተ ሲሆን፣ በአማካይ ከመቶ ገበያተኛ 2.7 ያህሉ እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሺህ ሰው በሚውልበት ገበያ ሃያ ሰባት ሰው ማለት ነው።

ለሕክምናው ዓለም ዝሆኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ፊላሪያ የሚባል ቀጭን ትል በትንኝ ንክሻ ወደ ሰው ይገባል፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያበላሻል፣ እግርም ያብጣል። በአገራችንም እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላዎች ይኸው ትል አለ። እንቆቅልሹ የደጋው ታማሚ ነበር። የትሉ እጮች በደም ውስጥ በብዛት የሚዘዋወሩት ሌሊት ስለሆነ ደም የሚቀዳው በሌሊት ነው፤ ከደጋው ሰው ደም ግን ትል ጠፋ። ትሉን የምታስተላልፈው ትንኝም የደጋን ብርድ አትችልም። የእብጠቱም መልክ ይለያል። የትሉ ዝሆኔ ብዙ ጊዜ ብሽሽትና ብልት ድረስ ሲዘልቅ፣ የደጋው ከእግር ጣት ጀምሮ ሽቅብ ይወጣና አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል።

ነገሩን አጥብቀው የያዙት እንግሊዛዊው ዶ/ር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠሩ ስለነበር የታመመ እግር ማየት የዕለት ሥራቸው ነበር። ታማሚዎቹ የሚበዙባቸውን አገሮች ለይተው ከአፈሩና ከአየሩ ጠባይ ጋር አስተያዩ። በሽታው የበረታው ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ አገር ሆነ። የሚታመመውም ዕድሜውን ሙሉ ያንን አፈር በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው ነው።

ካርታ ጥርጣሬን ያጠነክራል እንጂ አፈር እንዴት ሰው እንደሚያሳምም አያሳይም። ስለዚህ ምርመራው ወደ ላብራቶሪ ገባ። በባዶ እግራቸው ከሚኖሩ ሰዎች ብሽሽት የሊምፍ ዕጢ፣ ማለትም ሲቆጣ ንፍፊት የምንለው፣ ተቆርጦ ተወሰደ። ዕጢው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲቀመጥ፣ በልዩ ብርሃን የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ብናኞች ታዩ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ደግሞ ብናኞቹ ያሉት ማክሮፋጅ በሚባሉት፣ ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን በሚያጸዱት ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው። ተራ ጀርም ሲዋጥ ይፈጫል፤ እነዚህ ግን ሳይፈጩ ቁጭ ብለዋል። የተሠሩበት ነገር ሲመረመር ሲሊኮንና አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ፤ የሸክላ አፈር ሁለቱ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች። ገበሬው የሚያርሰው አፈር ከእግሩ ቆዳ አልፎ ብሽሽቱ ድረስ ደርሷል። እነዚህ ውጤቶች በ1972 እና በ1978 ታተሙ።

ብናኙ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት በሰሜን ሸዋ፣ በደነባና በዙሪያዋ፣ በሲያደብርና ዋዩ ሜዳ ላይ መረሬ የሚባለውን ጥቁር አፈር ያረሰ ሰው አይቸገርም። ክረምት ሲገባ ማሳው ውሃ እንዳይተኛበት ገበሬው ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ በደለል ከተደፈነ ውሃው መሄጃ ያጣል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። የሊምፍ ቧንቧ የሰውነት ፈሰስ ነው፤ ከሥጋ መካከል የተረፈውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም ይመልሳል። ፕራይስና ፋይፍ የተባሉ ባልደረባቸው በ1985 ባሳተሙት ሙከራ በጥንቸል የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ሲሊካ ጨመሩ። ቧንቧው ተቆጣ፣ ጠባሳ አወጣ፣ መተላለፊያውም ጠበበ። ሰውነት ራሱን ለማዳን ያበቀለው ጠባሳ መንገዱን ዘጋው ማለት ነው። በ1988 ፕራይስ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በሽታው ከአፈር የሚመጣ መሆኑ እንደተረጋገጠ ጽፈው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል አዲስ ስም ሰጡት።

ነገር ግን ከዚያው ከዕጢው ምርመራ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ተርፎ ነበር። ብናኙ የተገኘው በታማሚዎቹ ዕጢ ብቻ አልነበረም። እግራቸው ደህና በሆነ፣ ነገር ግን በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ጎረቤቶቻቸውም ዕጢ ውስጥ አለ። በ2003 የታተመ የወላይታ ጥናት በሽታውን ያገኘው በ5.46 በመቶ ሕዝብ ላይ ነው። አፈሩን ሁሉም ይረግጠዋል፤ ታዲያ የቀሩት እንዴት ዳኑ?

ለዚህ ጥያቄ አገር ቤት ከጥንት ጀምሮ የራሱ መልስ ነበረው፤ «በዘር ነው» ይላል። በዚህ መልስ ምክንያት ስንት ልጃገረድ ሳትዳር ቀርታለች፣ ስንቱ ጎረምሳ ሽማግሌ ልኮ አፍሯል። እርግማን ነው ያለም አለ፤ በሽታው ይተላለፋል ብሎ ከታማሚ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ የተወም አለ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ አጉል እምነት ነው ብለው አላለፉትም። ዶ/ር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ታማሚ ያለባቸውን 59 ቤተሰቦች ትውልድ እየቆጠሩ መረመሩ። በ2007 እንዳሳተሙት፣ አንዱ ሰው ታሞ ሌላው ሳይታመም ከሚቀርበት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በውርስ የሚገለጽ ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድሉም ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ነው።

ቀጥሎ ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ውርሱ የቱ ጋ እንዳለ ፈለጉ። ከደቡብ ኢትዮጵያ የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል ከዳር እስከ ዳር አነጻጽረው፣ ውጤቱን በመጋቢት 2012 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ልዩነቱ የተገኘው ኤችኤልኤ በሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሰውነት መከላከያ ሴሎች ባዕዱን ከወገን የሚለዩበትን ምልክት ይሠራል። እንደሚገመተው የአንዳንዱ ሰው መከላከያ ብናኙን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የሌላው ግን ዓመት ከዓመት ይቆጣበታል፤ ቁጣው ጠባሳ፣ ጠባሳው እብጠት ይሆናል።

እዚህ ላይ አገሬው ግማሽ እውነት ይዞ እንደነበር መናገር ተገቢ ነው። ግማሹ እውነት ግን ብዙ ሰው ጎድቷል። የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ ለአፈሩ ብናኝ ያለው ስስነት ነው። ያ ስስነት ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካልተለየው ብናኙ አያገኘውም፣ አይታመምም። ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ ማግባት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የሚወለዱትን ልጆች በባዶ እግር ማሳደግ ነው።

አፈሩስ የትኛው ነው? በፕራይስ ዘመን ጥርጣሬው ያነጣጠረው በቀዩ አፈር ላይ ነበር። በ2014 በሰሜን ኢትዮጵያ አፈር ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ከማዕድናቱ መካከል ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ ከበሽታው መብዛት ጋር እንደሚሄዱ አሳየ። ስሜክታይት ለደነባ ገበሬ እንግዳ አይደለም። መረሬን በበጋ የሚሰነጥቀው፣ በክረምት እግር ላይ የሚያጣብቀው ይኸው ማዕድን ነው። ይህ ደነባን የበሽታው አገር አያደርጋትም፤ ከማዕድኑ በተጨማሪ ዝናቡም ከፍታውም ተዳፋቱም ይቆጠራል። ሆኖም «እኛ ጋ ቀይ አፈር የለም» ብሎ ልጅን በባዶ እግር እርሻ መላክ መተማመኛ የለውም። ዶ/ር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባወጡት ካርታ ለበሽታው ምቹ በሆነ የኢትዮጵያ መሬት ላይ 34.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል።

እስካሁን ያለው የሚነግረን ሥጋ እንዴት እንደሚታመም ነው። አንዴ የተጎዳው እግር ይሽር ይሆን? ብዙዎች፣ የጤና ባለሙያዎችም ጭምር፣ አይሽርም ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። መልሱ የመጣው ከቆዳ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት የታማሚዎችን ቆዳ በመሣሪያ ለካ፤ በእግራቸው ላይ ያለው የላይኛው ቆዳ ከጤነኛ ሰው ይልቅ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ደረቅ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል፤ እግሩ ይግላል፣ ሰውዬው ትኩሳት ይዞት ይተኛል። እንዲህ በተነሣበት ቁጥር የሊምፍ ቧንቧው ይብስ ይጎዳል። ስለዚህ ቆዳን መጠገን ውስጡንም ማሳረፍ ነው።

በ2017 ዶ/ር ጂል ብሩክስና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ 193 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ያወጡት ሙከራ በጣም ቀላል ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱም ወገን እግሩን ይታጠባል፣ ቫዝሊን ይቀባል። የአንደኛው ወገን መዘፍዘፊያ ውሃ ግን አነስ ብሎ ሁለት በመቶ ግሊሰሪን ተጨመረበት። የሁለቱም ቆዳ ተሻሻለ፤ ግሊሰሪን የተጨመረለት ይበልጥ። በየሱቁ የሚሸጠው ግሊሰሪን፣ ውሃ በእንስራ ለሚቀዳበት ቤት የውሃም ቁጠባ ጭምር ሆኖ ሥራውን ሠራ።

ሕክምናው በተግባር ይህን ይመስላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሳፋ ታቀርብና «እማማ፣ እግርዎን እዚህ ያኑሩልኝ» ትላለች። ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ እግሩ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በሳሙና፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር፣ እየታሸ ይታጠባል። በንጹሕ ጨርቅ ጠብ እስኪያቆም ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል። ሌሊት እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ቀን ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ለሚያስፈልገው ፋሻ፣ ከዚያ ካልሲና እግሩን የሚያክል ጫማ። መድኃኒት የሚባል ነገር እምብዛም የለበትም።

ይህ ይሠራል ወይ የሚለው የተፈተነው በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃም ነው። 696 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተመደቡ፤ ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናውን አገኙ። ዶ/ር ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቻቸው በ2018 በላንሴት ዓለም አቀፍ ጤና መጽሔት እንዳወጡት፣ ሳይታከሙ የጠበቁት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ በሽታው ሲነሣባቸው፣ የታከሙት 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው። አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በሽታው በተነሣ ቁጥር ገበሬው እርሻውን፣ እናቲቱ ማጀቷን ትታ እንደምትተኛ ላየ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። የጠነከረ እባጭ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይሄድም፤ ለስላሳው እብጠት ግን ይቀንሳል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ሰውየውም ወደ ዕድሩና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳል።

ይህ በሽታ ድሮ በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ገጠሮች ነበር። ሕዝቡ ጫማ ሲለብስ ያለ ክትባት፣ ያለ ዘመቻ ጠፋ። በኢትዮጵያ ግን ዛሬም 1.5 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶች አብረውት እንደሚኖሩ ይገመታል። የጤና ሚኒስቴር በ2013 ትኩረት በተነፈጋቸው በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ አስገብቶታል፤ ዕቅዱ በየጤና ኬላው ሳሙና፣ ቅባትና ፋሻ ካልሆነ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከእኛም የሚፈለግ አለ። ኮንጎ ጫማም ሆነ በረባሶ ለልጅ እግር ያለ ካልሲና ያለ ዕጥበት በቂ አይደለም፤ እግር የሚሸፍን ጫማና ማታ ማታ በሳሙና መታጠብ ግን ይበቃል። ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች ስለ ዝሆኔ ሲጠየቁ፣ በጫማና በውሃ የሚከለከል መሆኑን በሙሉ አፍ ይናገሩ። ለዚህ ማስረጃው አለ፤ ብዙው ደግሞ የተገኘው ከእኛው ሰው እግር፣ በእኛው አገር ነው።