አዲሱ “ሚረርለስ” ወይስ የቆየው “ዲኤስኤልአር”? የጀማሪ ፎቶ አንሺ የግዢ ሒሳብ

እቁብ የወጣለት ወይም ከቤተሰብና ከወዳጅ ተበድሮ ገንዘብ ያሰባሰበ ወጣት የፎቶግራፍ ሥራ ለመጀመር ሲነሳ በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ “የትኛውን ካሜራ ልግዛ?” የሚለው ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትናና ልደት እያነሳ ሊተዳደር ያሰበ ሰው ዕቃው ከከዳው የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን፣ ሠርጉ የማይደገመው ደንበኛውም ጭምር ነው።

የጥያቄውን ክብደት የጨመረው ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህም 600 ዶላር የሚያወጣ ካሜራ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ከ34 ሺህ ብር ወደ 60 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው። ቀደም ሲል “ካልተስማማኝ ሸጬ ሌላ እገዛለሁ” ይባልበት የነበረው ዕቃ ዛሬ በጥንቃቄ የሚመረጥ ሆኗል።

ለንጽጽር እንዲያመች የአንድ ፋብሪካ ሁለት ምርቶችን መውሰድ ይበቃል። ሁለቱም የጃፓኑ ካነን ኩባንያ ለጀማሪዎች የሠራቸው ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ይፋ የሆነው ኢኦኤስ 2000ዲ ሲሆን፣ በአሜሪካ “ሬብል ቲ7” ተብሎ ይሸጣል። ይህ “ዲኤስኤልአር” ከሚባለው የቆየ ወገን ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የወጣው ኢኦኤስ አር100 ሲሆን “ሚረርለስ” ወይም መስታወት አልባ ከሚባለው አዲስ ወገን ይመደባል። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርቡ የመጀመሪያው ከነሌንሱ 550 ዶላር፣ ሁለተኛው 600 ዶላር ገደማ ተተምኖላቸው ነበር።

ለመሆኑ መስታወቱ ምንድን ነው? በቆየው ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ሰያፍ የተቀመጠ ትንሽ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን በዚህ መስታወት ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና፣ በሌሎች መስታወቶች ተጠማዝዞ አንሺው ዓይኑን ወደሚያስጠጋበት መስኮት ይደርሳል። አንሺው የሚያየው ቀጥታውን ብርሃን ነው። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ብርሃኑም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ያቺ “ቻክ” የምትለው ድምፅ በከፊል የመስታወቱ ነች። በፊልም ዘመን የነበሩት ባለመስታወት ካሜራዎችም አሠራራቸው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በሴንሰሩ ቦታ ፊልም መኖሩ ብቻ ነበር።

ሚረርለሱ ይህን ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል። ብርሃኑ ሳይቋረጥ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ በማነጣጠሪያው መስኮት ውስጥ የሚታየውም በጣም ትንሽ ቴሌቪዥን ነው ሊባል ይችላል። መስታወቱ ስለሌለ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ይቀርባል። በቆዩት የካነን ካሜራዎች ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአዲሶቹ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የካሜራው ቁመና የቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። 2000ዲ ከነባትሪውና ሚሞሪ ካርዱ 475 ግራም ሲመዝን አር100 ግን 356 ግራም ነው።

ታዲያ ሥዕሉስ? ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ስለሆነ ብቻ ሥዕሉ በእጥፍ የተሻለ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ካሜራዎች ግን 24 ነጥብ 1 ሜጋ ፒክስል ናቸው፤ የሴንሰራቸው መጠንም እኩል ነው። አዲሱ በአነስተኛ ብርሃን የተሻለ የመሥራት አቅም እንዳለው አይካድም። ነገር ግን በቀን ብርሃን በሁለቱ የተነሳ ፎቶ ታጥቦ አልበም ውስጥ ቢገባ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ ለይቶ የሚያውቅ ሙሽራ አይገኝም። የልዩነቱ ቦታ ሌላ ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው ፎከስ ላይ ነው። 2000ዲ በማነጣጠሪያው መስኮት ሲታይ 9 የፎከስ ነጥቦች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከነዚህም በእርግጠኝነት የሚታመንባት የመሐለኛዋ ነች። ልምድ ያለው አንሺ መሐለኛዋን ነጥብ ዓይን ላይ አድርጎ፣ ቁልፉን በግማሽ ይጫንና ካሜራውን መልሶ ያስተካክላል። ይህ ዘዴ ለቆመ ሰው ይሠራል። እየጨፈሩ ለሚመጡ ሚዜዎች ግን ፈታኝ ነው። አር100 ፊትንና ዓይንን ራሱ ፈልጎ ይይዛል፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስም ይከተለዋል። በሰከንድ የሚያነሳውም 6 ነጥብ 5 ፎቶ ሲሆን የ2000ዲ 3 ብቻ ነው። ለጀማሪ እጅ ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ የደበዘዘ የቀለበት ሥነ ሥርዓት ለደንበኛ ማስረከብ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

በቪዲዮ በኩል ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። 2000ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ መስታወቱ ተነስቶ ስለሚቆይ የፎከስ መሣሪያው ሥራ ያቆማል። የሚተካው ዘዴም ዘገምተኛና ወዲያ ወዲህ የሚዋልል በመሆኑ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ለመቅረጽ ሌንሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው። የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያም የለውም። ለሽማግሌዎች ንግግርና ለምርቃት መልእክት ድምፅ ዋናው ነገር መሆኑን ላሰበ ይህ ብቻውን ውድቅ ያደርገዋል። አር100 ማይክሮፎን ይቀበላል፣ በተለመደው ሙሉ ኤችዲ ጥራት ሲቀርጽም ፎከሱ ፊት ይከተላል። “ፎር ኬ” የሚለው ማስታወቂያ ግን ገዢውን ሊያታልለው አይገባም። ካሜራው በፎር ኬ ሲቀርጽ የሥዕሉን ዳርና ዳር ይቆርጣል፣ ጥሩውንም የፎከስ ዘዴ አይጠቀምም። በተግባር ካየነው የአር100 ጥቅም በኤችዲ ላይ ነው።

የማነጣጠሪያው መስኮትም እንደ ሰዉ ልማድ ያከራክራል። በሚረርለሱ ውስጥ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ጨለማ ወይም ነጭ መሆኑ እዚያው ይታያል፤ ለተማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው። በቆየው ደግሞ የሚታየው እውነተኛ ብርሃን በመሆኑ ባትሪ አይበላም። የባትሪው ነገር ለኛ አገር ቀላል አይደለም። በፋብሪካዎቹ የጋራ የመለኪያ ደንብ መሠረት 2000ዲ በመስኮቱ ሲነሳበት በአንድ ሙሌት 500 ያህል ፎቶ ሲያነሳ አር100 በመስኮቱ 340 ያህል ያነሳል። ከሙሽሪት ቤት በጠዋት ተጀምሮ እስከ ማታ የሚዘልቅ ሠርግ አንድ ሺህ ፎቶ ቢፈልግ፣ በቆየው ሁለት በአዲሱ ሦስት ባትሪ መያዝ ይገባል። ማታ መብራት ከጠፋና ባትሪው ሳይሞላ ካደረ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። የባትሪ ነገር እጅግ የሚያሳስበው ሰው ያገለገለ ኒኮን ዲ3500 ቢያይ አይከፋም፤ በዚሁ ደንብ 1,550 ፎቶ ተመዝግቦለታል። ኒኮን ይህን ካሜራ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል።

ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው የሌንሱ ጉዳይ ነው። ገዢው ዓይኑ የሚያርፈው በካሜራው አካል ላይ ሲሆን፣ ሌንሱን እንደ ምራቂ ይቆጥረዋል። ከ2000ዲ ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ቀዳዳው በሰፊው ጫፍ 3 ነጥብ 5 ሲከፈት፣ ከአር100 ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ የሚከፈተው 4 ነጥብ 5 ብቻ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ይህ ማለት የቆየው ሌንስ በዚያ ጫፍ ከአዲሱ በ65 በመቶ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ሌንሱ ወደፊት ሲሳብም አዲሱ እስከ 6 ነጥብ 3 ይጠብባል፣ የቆየው 5 ነጥብ 6 ላይ ይቆማል። ካሜራው አነስተኛ እንዲሆን ሲባል ሌንሱም አንሷል፣ ብርሃኑም አብሮ አንሷል። በአዳራሽ ውስጥ ወይም በሻማ ብርሃን ለሚሠራ ሰው አዲሱ ካሜራ በሴንሰሩ ያተረፈውን በሌንሱ ከፊሉን መልሶ ይከፍላል።

ለዚህ ነው የቆየውን ካሜራ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በ50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳው 1 ነጥብ 8 በሆነው ሌንስ ላይ ማዋል የሚመከረው። ካነን ይህን ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጣው ዋጋው 125 ዶላር ነበር። ከተለመደው ሌንስ የረጅም ጫፍ ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፣ የኋላውንም አደብዝዞ ፊትን ያጎላል፤ ደንበኛ “የባለሙያ ፎቶ” የሚለው ይህንን ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ስለሚያስገድድ ብቻውን አይበቃም እንጂ፣ በዋጋው የሚስተካከለው የለም።

ይኸው ሌንስ በአዳፕተር አማካይነት አር100 ላይም ይገጥማል፣ ፎከሱም በደንብ ይሠራል። በአንጻሩ ለአዲሶቹ የተሠራው ሌንስ በቆየው ካሜራ ላይ በምንም ዓይነት አይገጥምም። ስለዚህም የቆየ ሌንስ የገዛ ሰው ነገ ወደ ሚረርለስ ቢሻገር ንብረቱን ይዞ ይሻገራል። የካነን ሥራ አስኪያጅ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ኩባንያቸው ከዚያ በኋላ ለባለሙያ የሚሆን ቁንጮ ዲኤስኤልአር እንደማይሠራ መግለጻቸው የሚታወስ ነው። ያገለገሉ ሌንሶች በገበያው የረከሱትም ብዙዎች ወደ አዲሱ በመዛወራቸው ነው፤ ለሻጩ ኪሳራ የሆነው ለጀማሪው ዕድል ነው።

ፍላሽን በሚመለከት ግን 2000ዲ አንድ የተደበቀ ጉድለት አለበት። በካሜራው አናት ላይ የፍላሽ መግጠሚያው መሐል መኖር የነበረባት ብረት በዚህ ሞዴል ላይ ተነስታለች። በዚህም ምክንያት በአንዲት መስመር ብቻ የሚተኩሱት ርካሽ ፍላሾችና የስቱዲዮ ማስተኮሻዎች አይሠሩለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ታላቅ ወንድሙ 1300ዲ 18 ሜጋ ፒክስል ቢሆንም ብረቷ አለችው። የስቱዲዮ መብራት ላለው ሰው አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በፋብሪካ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። ማንኛውም ገዢ የራሱን ፍላሽ ይዞ ሄዶ እዚያው ገጥሞ ቢሞክር ይመረጣል።

እንግዲህ ሥራው በአብዛኛው ፎቶ የሆነና ኪሱ የሳሳ ሰው፣ ያገለገለ 2000ዲ ወይም 1300ዲ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስና ትርፍ ባትሪ ቢይዝ አር100ን ከነሌንሱ ብቻ ከያዘው ሰው የተሻለ ሥራ ያስረክባል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራ ከሆነ ግን የቆየውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቢቸግረውም አር100ን ይጠብቅ። አር100ም ቢሆን ፋብሪካው ቆጥቦበታል። ስክሪኑ አይታጠፍም፣ በጣት ሲነካም አይሠራም። ስልክ የለመደ ሰው ስክሪኑን ደጋግሞ ሲጫን መታየቱ አይቀርም።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ የሻጩን “ብዙ አልተነሳበትም” የሚል ቃል ማመን አያስፈልግም። የኒኮን ካሜራ ያነሳውን ብዛት በእያንዳንዱ የፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ አንድ ፎቶ አንስቶ ኮምፒዩተር ላይ ማየት ይበቃል። ዲ3500 እስከ 100 ሺህ ጊዜ እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። የካነኑን ቁጥር ለማግኘት ግን ካሜራውን በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ይጠይቃል። ከዚያ ሌላ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት ሴንሰሩ ላይ ያለውን አቧራ ያሳያል። ሚረርለስ ከሆነ ይህ ፈተና በተለይ አይዘለል፤ ሌንሱ ሲወልቅ ሴንሰሩን የሚጋርድ መስታወት የለምና አቧራው በቀጥታ ይደርሰዋል። ከ2000ዲ ጋር የሚመጣው ሌንስ ላይም “አይኤስ” የሚሉት ሁለት ፊደላት መጻፋቸው ይታይ። ያለዚህ ጽሑፍ የሚሸጠው ተመሳሳይ ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረግብ መሣሪያ የሌለው ነው፤ በዋጋ ድርድሩ ላይም መቀነስ አለበት።